ለጡረታ ግዛት ሲቀየር፦ አምብሬላ ኢንሹራንስ ለማን ያስፈልጋል?

በአሜሪካ አምብሬላ ኢንሹራንስ የሀብታም ብቻ ነው የሚባለው ስህተት ነው። የመኪናና የቤት ኢንሹራንስ ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍሉት ጣሪያ ላይ ሲደርስ ቀሪውን ካሳ የሚሸፍን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ይጀምራል።

ዋናው ጥያቄ ጡረተኛው ቢከሰስና ቢፈረድበት የትኛው ንብረቱ ይወሰዳል የሚለው ነው። 401(ኬ) የሚባለው በሥራ የተጠራቀመ የጡረታ ቁጠባ የፌዴራል ሕግ ጥበቃ አለው፤ አይአርኤ የሚባለው የግል የጡረታ ቁጠባ ጥበቃ ግን እንደ ግዛቱ ይለያያል። ለምሳሌ ከሜሪላንድ ወደ ፍሎሪዳ የሄደ ጡረተኛን እንውሰድ፦ ፍሎሪዳ መኖሪያ ቤትን በፍርድ ዕዳ እንዳይሸጥ አጥብቃ ትከላከላለች። የባንክ ተቀማጩና ሜሪላንድ ትቶት የሄደው፣ የሚያከራየው ቤት ግን ተጋላጭ ናቸው። ተከራዩ በረዶ የያዘው ደረጃ ላይ ወድቆ ቢከስ፣ ቤቱ በአምብሬላው ውል ካልተመዘገበ የኢንሹራንስ ኩባንያው ላይከፍል ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው።

የተጋለጠው ሀብት ከነባሩ ሽፋን ከበለጠ መግዛቱ ያዋጣል።