ከዝናቡ ይልቅ ከረጢቱን ጠርጥሩ

ዓለም ገና ላይ፣ የቡታጅራው መንገድ ከጅማው በሚገነጠልበት፣ ጠዋት የሚያልፉትን አናጢዎች ልብ ብላችሁ ከሆነ አብዛኞቹ ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ሳጥን አይደለም፤ ማዳበሪያ ነው። የመጋዙ እጀታ በከረጢቱ አፍ ብቅ ብሎ፣ መዶሻው ከታች ጎልቶ ይታያል። ሳይት ላይ ቆርቆሮ ወጥረው ወር ሁለት ወር እያደሩ የሚሠሩም አሉ። ወጣቱ ድንኳን ይዞ መናገሻ ሱባ ጫካ ሲወጣ «ካምፒንግ» ይለዋል፤ አናጢው ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል። መሣሪያ ደጅ ስለማሳደር የምንሰማው ምክርም በአብዛኛው የመጣው ከእሱ ነው። ብዙው ልክ ነው። ጥቂቱ ግን መሮ ይበላል።

«ዝናብ ካልነካው አይዝግም» የሚለው የሁሉም አባት ነው። ብረት ለመዛግ ጠብታ አይጠብቅም። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶን ሲያልፍ ንጹሕ ብረት እንኳ ቀስ በቀስ ይጀምረዋል፤ የእጅ ላብ ወይም ጨው ካረፈበት ከዚያም በታች ይዝጋል። ጣራው አያፈስም ብሎ መተኛት አያዋጣም።

እኔን ያስተማረኝ ማዳበሪያ ነው። ጥቅምት ላይ፣ ጠብ ያለ ዝናብ ሳይኖር፣ መናገሻ ሱባ ሁለት ሌሊት አድረን ስንመለስ ሦስቱ መሮዎቼ በአንድ ጎናቸው ብርቱካናማ ነጠብጣብ ለብሰዋል። ነጠብጣቡ በሰልፍ ነው፤ የከረጢቱ ሽመና ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። ከረጢቱን ገልብጬ ሳራግፈው ከስፌቱ ሥር ነጫጭ ፍሬ ወደቀ። ዩሪያ! ለካ ከረጢቱ ስሙን ያገኘው ከያዘው ነገር ነው፣ እኛ ግን ስሙን ስንጠራ ውለን ትርጉሙን ረስተነዋል። ዩሪያ የአየሩ እርጥበት ከ75 እስከ 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ውሃ ስቦ ራሱን ያሟሟል። ሱባ ጫካ ውስጥ ሌሊት እዚያ መድረስ ቀላል ነው። የሟሟው ደግሞ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ያድራል። ዱቄት የነበረበት ከረጢት ከሆነ ግድ የለም። የእውነት ማዳበሪያ የያዘውን ግን ገልብጦ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ካልሆነም ለሌላ ሥራ መተው ነው።

«በፌስታል ጥብቅ አድርገህ እሰረው» የሚሉም አሉ፤ «ፌስታል ያልበዋል» ብለው የሚከለክሉም አሉ። ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው። ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ውስጥ ያሰራችሁት ፌስታል ሌሊት 12 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ግን ስንት? አንድ ሊትር እንዲህ ያለ አየር የያዘው ውሃ 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ የጠብታ ቁራጭ ማለት ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግን ግማሽ ያህል ክብደቱ ውሃ ነው። መላጊያው አፍ ውስጥ የተወሸቀ አንድ እፍኝ እርጥብ የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ አንድ ፌስታል አየር ከያዘው ውሃ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጥብቅ ማሰር በራሱ ጥፋት የለበትም። ከማሰር በፊት አራግፉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

የሰጋቱራው ነገር ግን አከራክሮኛል። ሰበታ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አናጢ መሮዎቻቸውን በሰጋቱራ የተሞላ ሳጥን ውስጥ ነው የሚሰኩት።

«ጋሼ፣ ሰጋቱራ እርጥበት ይይዛል እኮ» አልኳቸው።

«የማን ሰጋቱራ? የእኔ ዓመት የደረቀ ዋንዛ ነው። የእናንተ ትናንት የታረደ ባሕር ዛፍ!»

አሸነፉኝ። ደረቅ ሰጋቱራ ለጊዜው እርጥበት ይስባል፤ እርጥቡ ደግሞ ያለውን መልሶ ለብረቱ ይሰጣል። ከእንጨት የሚወጣ የኮምጣጤ ዓይነት አሲድም አለ፣ ትኩስ እንጨት ላይ ይበረታል። ደረቅ ነው የተባለውም ሰጋቱራ ክረምቱ ሲገባ መለወጥ አለበት። ይህንን ግን ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

«የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ በነጻ ነው።» ከሞተር የወጣ ዘይት የቃጠሎ አሲድ፣ ውሃና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚወጣው። ለምስጥ አጥር ላይ ይቀባ ይሆናል፤ መሮ ላይ ከተቀባ ጣውላውን ያጠቁራል፣ ኮላም ቫርኒሽም አላስይዝ ይላል፣ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካም ጤና አይደለም። የኑግ ዘይትም አይሆንም፤ አየር ሲያገኘው እየደረቀ ያጣብቃል። ለእጀታ እንጂ ለስለት አይመከርም። የስፌት መኪና ዘይት በስሱ፣ ወይም ትንሽ ሰም፣ ይበቃል።

ትልቅ ሳጥን የተሻለ ይጠብቃል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚኒባስ ረዳት መልሱን ይነግራችኋል። እኔ አሁን የምይዘው ኪስ ኪስ ተደርጎ የተሰፋ የሸራ ጥቅል ነው። እያንዳንዱ ስለት ለብቻው ይገባል፣ እንደ ጎራዴ አፎት፣ ብረት ከብረት አይጋጭም። ሲርስ ይታያል፤ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ፋስ። «ግንድ ላይ ሰክተህ አሳድረው፣ አይጠፋም» ይባላል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የሱባ ጥድ ላይ መሰካት ቀርቶ ቅርንጫፍ መንካትም ክልክል ነው፤ ስለዚህ አጣና ከሰበታ ይዘን ነው የምንገባው። ትኩስ አጣና ላይ የተሰካ ፋስ ጠዋት ሲነቀል ስለቱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ይቀራል። የእንጨቱ ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ቀለም ነው። በአውራ ጣቴ ሳሸው አልለቀቀም፤ ጣቴን ነው ያጠቆረው።