በሬውም የሚያርፍበት ቀን

አባቴ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ገብስና ባቄላ ያርስ ነበር። ዓርብ ሲመሽ ቀንበሩን ከበሬዎቹ ከቦራና ከዳለቻ ጫንቃ ያወርዳል፤ ጅራፉን ምሰሶው ላይ ይሰቅላል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ ጧት ሞፈር አይነካም። ዝናቡ ጥሩ ጥሎ፣ መሬቱ ለስልሶ፣ የዘር ጊዜ እያለፈ ቢሆንም ያው ነው። «ያልተዘራውስ?» ብለን ስንጠይቀው፣ «ያበቀለው እኔ ነኝ እንዴ?» ይለናል።

ዛሬ ደባርቅ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ከባልደረቦቼም፣ ከነጋዴውም፣ ቱሪስት ይዘው ተራራ ከሚወጡት ልጆችም ዘወትር የምሰማው «ይህችን ልጨርስና አርፋለሁ» የሚል ነው። ሥራ ግን አያልቅም፤ ችግርም እንዲሁ። የአባቴ ዕረፍት ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ቀኑ የእግዚአብሔር ስለሆነ ብቻ ዐረፈ። በእግዚአብሔር ማረፍ ማለት ለእኔ ከዚህ ይጀምራል፤ ዓለም ያለ እኔ ሁለት ቀን እንደሚያድር አምኖ እጅን ከሥራ ማንሳት።

ቅዳሜንም እሑድንም የማክበሩ ልማድ በአገራችን በዋዛ የተገኘ አይደለም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዘመን ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው በማስተማራቸው ተቃውሞ ገጥሟቸው ተሰደዱ፤ ያረፉትም በአርመን አገር ነው። ተከታዮቻቸው ለረጅም ጊዜ ተገፍተው ኖሩ። በመጨረሻ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1450፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። በእኛው ሰሜን ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤልም ቅዳሜን እሳት ሳያነዱ ያከብሩ ነበር። «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ ሰው ሆና በፈጣሪ ፊት ቆማ ታማልዳለች። እነሱ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል።

በኦሪት ዘፀአት ያለውን ትእዛዝ ልብ ብሎ ላነበበ፣ ዕረፍቱ ለአባወራው ብቻ አልተሰጠም። ወንድና ሴት አገልጋዩ፣ ከብቱ፣ በደጁ ያለው መጻተኛ ሁሉ ተቆጥረዋል። እዚህ ላይ ደፍሬ የምናገረው አለኝ። እናቴ ዓርብ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክማ ትመለስና ለሁለት ቀን የሚበቃ እንጀራ ስትጋግር ታመሻለች። ቅዳሜ ደግሞ በሬዎቹ ጥላ ሥር ተኝተው ሲያመሰኩ እሷ እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። በሬ ያረፈበት ቀን ውሃ ቀጂዋ ካላረፈች፣ ሰንበቱ ገና አልተከበረም።

ዕረፍትን ብቻውን ይዞ የሚዘልቅ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህም ይመስለኛል አባቶች ሰንበቴን ያቆዩልን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይሰበሰባሉ። ተራው የደረሰው ዳቦ፣ እንጀራና ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ሁሉም መታደሉን ያያል። የኔ ቢጤውና የቆሎ ተማሪውም ድርሻቸውን ያገኛሉ። በመጨረሻ ጽዋው ለባለ ሳምንቱ ይሰጣል። የታመመው የሚጠየቀው፣ የተጣላው የሚታረቀው እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ነው።

የዚህን ጥቅም በዐይኔ ያየሁት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ ገብቶ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅም ከየአቅጣጫው በመጣ ተፈናቃይ ተጨናነቀች። እኛ ቤት ካረፉት አንዲት እናት ነበሩ። ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉታል፤ ቀን ደግሞ እጃቸው አያርፍም፤ የታጠበውን ዕቃ መልሰው ያጥባሉ፤ የተጠረገውን ይጠርጋሉ። እሑድ ወደ ሰንበቴው ይዘናቸው ሄድን። ማንም «አይዞዎት» ብሎ ስብከት አላበዛባቸውም። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ዳቦ ቆርሰው በእጃቸው አስያዟቸው፤ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ቄሱም እነዚያን ስሞች በጸሎታቸው አነሡ። እኚያ እናት ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ያን ምሽት ራታቸውን በሉ፤ እስኪነጋም ተኙ። ሐዘናቸው አላለቀም፤ ቤታቸውም አልተመለሰም። ያም ሆኖ እግዚአብሔር ሸክም የከበደባቸውን የሚጠራው እንዲህ ባሉ ሰዎች እጅ እንደሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠራጠርም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ውሃውን ወንዶች ልጆች ይቅዱ፤ የእናት እጅ ይረፍ። ስልኩም እስከ እሑድ ማታ ይዘጋ። መጻተኛው ሩቅ አይደለም፤ ዳባት አጠገብ ዓለም ዋጭ የተጠለሉ ኤርትራውያን አሉ፤ በየሰፈራችን ተፈናቃይ አለ። የሰንበቴ ተራ ሲደርሳችሁ ከእነሱ አንዱን ይዛችሁ ኑ።