በበረዶ ላይ የሚነድ እሳት፦ ስንት ፕሮፔን ይበቃል?

የእኛ አገር ክረምት ዝናብና ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ በሰሜን አሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ግን ክረምት ማለት ሐይቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ወቅት ነው። ይህች ግዛት ስፋታቸው ከ4 ሄክታር የሚበልጥ 11,842 ሐይቆች አሏት። በጥርና በየካቲት ወራት አብዛኞቹ በወፍራም በረዶ ይሸፈናሉ። ነዋሪዎቿም በበረዶው ላይ ድንኳን ተክለው፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ በስተው፣ መንጠቋቸውን ከሥር ወዳለው ውኃ ይሰዳሉ። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ግዛት እንደመሆኗ ሚኒሶታ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለችም።

እንደ ሚል ላክስ ባሉ ሰፋፊ ሐይቆች ላይ አጥማጁ ከዳርቻው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሰፍር ይችላል። ከብርዱ የሚጠብቀው በፕሮፔን የሚሠራ አነስተኛ ማሞቂያ ነው። ጋዙ በእኩለ ሌሊት ቢያልቅ ብርዱ ያጠቃዋል፤ ጋዝ ለመቆጠብ ሲል የድንኳኑን የአየር መግቢያ ቢዘጋ ደግሞ ከብርዱ የባሰ አደጋ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ስንት ጋዝ ልያዝ?» የሚለው ተራ የሚመስል ጥያቄ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን የሚጠይቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ እንመረምራለን።

ስሌቱ ከድንኳኑ ይጀምራል

ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆነ ድንኳን እንውሰድ። አራቱ ግድግዳዎችና ጣሪያው በድምሩ 20 ካሬ ሜትር ስፋት አላቸው። የውጭው አየር ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ሳለ ውስጡን ወደ 5 ዲግሪ ማድረስ ብንፈልግ የሙቀት ልዩነቱ 20 ዲግሪ ይሆናል። ስስ የድንኳን ጨርቅ ለአንድ ካሬ ሜትርና ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ገደማ ያሳልፋል። እንግዲህ የሚባክነው ሙቀት 20 × 6 × 20፣ ማለትም 2,400 ዋት ያህል ነው። ጨርቁ ድርብ ሆኖ በመካከሉ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ቢኖረው ግን ብክነቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

በአሜሪካ ገበያ የተለመዱት ትንንሽ ማሞቂያዎች በሰዓት 4,000 እና 9,000 ቢቲዩ የሚሰጡ ሁለት ደረጃዎች አሏቸው። አንድ ቢቲዩ 1,055 ጁል ስለሆነ እነዚህ 1.2 እና 2.6 ኪሎዋት መሆናቸው ነው። አንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን ሲቃጠል 50 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሰጣል። በመሆኑም ማሞቂያው በዝቅተኛው ደረጃ በሰዓት 85 ግራም፣ በከፍተኛው 190 ግራም ያህል ይበላል። 454 ግራም የሚይዘው ትንሹ ጣሳ በዝቅተኛው ደረጃ ከ5 ሰዓት በላይ፣ በከፍተኛው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይቆያል ማለት ነው። 9 ኪሎ ግራም የሚይዘው ሲሊንደር በአንጻሩ በከፍተኛው ደረጃ እንኳ 47 ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ጥሩ ድንኳን የያዘ ሰው ነዳጁን በግማሽ መቀነሱን ከዚህ እንረዳለን።

ያላለቀ ጋዝ ለምን እምቢ ይላል?

ብዙ አጥማጆች የሚገረሙበት ነገር አለ። ጣሳው ሲነቀነቅ ውስጡ ፈሳሽ መኖሩ ይሰማል፤ እሳቱ ግን እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፕሮፔን በጣሳው ውስጥ የሚቀመጠው በፈሳሽ መልክ ሲሆን ማሞቂያው የሚያቃጥለው ግን ከፈሳሹ የሚወጣውን ትነት ነው። ትነቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት የሚወሰነው በፈሳሹ ብዛት ሳይሆን በሙቀቱ መጠን ነው። በ20 ዲግሪ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት 8 እጥፍ ይበልጣል፤ በዜሮ ዲግሪ ወደ 5 እጥፍ ገደማ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ወደ 2.4 እጥፍ ይወርዳል። ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሲደርስ ከውጭው አየር ጋር ይተካከላል፤ ያን ጊዜ የሚወጣ ጋዝ አይኖርም። ቡቴን የተባለው ጋዝ ደግሞ ገና ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚሰንፍ ለእንዲህ ያለ ብርድ አይሆንም።

አንባቢ «ውጭው ከዜሮ በታች 20 ከሆነ ገና 22 ዲግሪ ይቀራል» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ጣሳው ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ እንዳስረዳው፣ ፈሳሽ ወደ ትነት ሲለወጥ ድብቅ ሙቀት ይወስዳል። ለአንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን ይህ 400 ሺህ ጁል ያህል ነው። በሰዓት 190 ግራም ሲተን ጣሳው ያለማቋረጥ 21 ዋት ሙቀት ይነጠቃል። ይህን ሙቀት ከአካባቢው አየር መልሶ ለማግኘት የትንሹ ጣሳ ገጽታ በጣም ጠባብ ነው። በግምታዊ ስሌት፣ ከአየሩ በ30 ዲግሪ ያህል ካልቀዘቀዘ 21 ዋት አይደርሰውም። ከውጭ በብርዱ ውስጥ ቢቀመጥ ከ42 ዲግሪው ወሰን ያልፋልና እሳቱ አስቀድሞ ይዳከማል። በጣሳው ላይ የሚታየው አመዳይም የዚሁ ምልክት ነው። ትልቁ ሲሊንደር ገጽታው ሰፊ ስለሆነ በጥቂት ዲግሪ መቀዝቀዝ ብቻ ይበቃዋል። ፈሳሹ እየጎደለ ሲሄድ ከብረቱ ጋር የሚነካካው ክፍል ስለሚጠብም ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ጋዙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። ጣሳን በእሳት ነበልባል ለማሞቅ መሞከር ግን ፍንዳታን መጋበዝ ነው።

ያልተመዘነው ነዳጅ

የማይገዛው ነዳጅ ኦክስጅን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን በሚገባ ለመቃጠል 12 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ በምላሹም 3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 1.6 ኪሎ ግራም ውኃ ይሰጣል። በድንኳኑ ግድግዳ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ በአብዛኛው ከዚሁ ቃጠሎ የመጣ ነው። የምሳሌያችን ድንኳን 8 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ማሞቂያው በከፍተኛው ደረጃ ቢነድ የኦክስጅኑ ድርሻ ከ21 በመቶ ወደ 18 በመቶ የሚወርደው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ኦክስጅን ሲያጥር ቃጠሎው ይጎድላል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ መርዝ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ ሰውን በእንቅልፉ ሊገድል ይችላል።

ዘመናዊዎቹ ማሞቂያዎች የኦክስጅኑ መጠን 18 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው የሚቆጣጠረው የኦክስጅንን መጉደል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን ስላልሆነ የመርዙን ማስጠንቀቂያ ደወል አይተካም። በከፍታ ቦታም ጠባዩ ይለወጣል። አንዳንድ አምራቾች ማሞቂያቸው ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል ያስታውቃሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ ዕቃውን በስጦታ ለሚያመጣ ዘመድ ይህ ሊታወስ ይገባል።

ታዲያ የአየር መግቢያውን መክፈት ስንት ጋዝ ያስወጣል? ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከ0.5 በመቶ በታች ለማቆየት በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ አየር ያስፈልጋል። ይህን አየር በ20 ዲግሪ ለማሞቅ የሚጠፋው 430 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከማሞቂያው ኃይል አንድ ስድስተኛው ነው። ቀዳዳውን ዘግቶ የሚቆጥብ ሰው ቢበዛ የሚያተርፈው ይህችን ብቻ ሲሆን የሚያስይዘው ሕይወቱን ነው።

ዕቅዱ በተግባር

ለቅዳሜና እሑድ፣ በቀን 10 ሰዓት እናጥምድ እንበል። ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ያለው ድንኳን አለን፤ በየቀኑ የመጀመሪያውን ሰዓት በከፍተኛ፣ የቀሩትን 9 ሰዓታት በዝቅተኛ ደረጃ እናነዳለን። ድምሩ 380 ግራምና 1,530 ግራም፣ ማለትም 1.9 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለነፋስ፣ ላልተጠበቀ ብርድና በጣሳው ግርጌ ለሚቀረው ግማሹን ስንጨምርበት ወደ 2.9 ኪሎ ግራም እንደርሳለን። ይህ ሰባት ትንንሽ ጣሳዎች፣ ወይም የትልቁ ሲሊንደር አንድ ሦስተኛ ነው።

ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ለማወቅ የግፊት መለኪያ አይረዳም፤ ከላይ እንዳየነው ግፊቱ የሚናገረው ስለ ሙቀት ነውና። የሚታመነው ሚዛን ነው። የባዶው ሲሊንደር ክብደት በአንገቱ ቀለበት ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ከተመዘነው ላይ መቀነስ ብቻ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ያፈተለከው ጋዝ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የተጨመረበት ሽታ ሲሸት ቫልቩን ዘግቶ ወዲያውኑ መውጣት ይገባል። ከመተኛት በፊትም ማሞቂያው ይጠፋል፤ ለሌሊቱ የሚታቀደው ወፍራም የመኝታ ከረጢት ነው።

እኛ አገር በበረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ የለም። በር ዘግቶ፣ መስኮት ወትፎ ከከሰል ምድጃ አጠገብ የሚተኛ ግን አለ፤ በዚህ ሳቢያ በየጊዜው የሚጠፋው ሕይወትም የምናውቀው ኀዘን ነው። በሚኒሶታው ድንኳንና በእኛው ክፍል ውስጥ የሚሠራው የተፈጥሮ ሕግ አንድ ነው። እሳት ካለ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሊኖር ይገባል፤ ቀዳዳው የሚያስወጣው ሙቀትም ከነዳጁ ሒሳብ ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው።