«ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ብሩስ የት ሄደ?»

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ ጥያቄ ነው። አክስቴ ፒያሳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ጀበና ቡና ትሸጣለች። እኔም ክላስ ሲያልቅ ጎራ እያልኩ ሲኒ አጥብላታለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቤቱ በተጠለለ ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ስልኩን ይነካካል። ቡና የጠጡ አምስት ልጆች ሂሳባቸውን በስልክ ሊከፍሉ ሞከሩ። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይሄድም! ካሽ ደግሞ አልያዙም። «ነገ እናመጣለን» ብለው ወጡ፤ እስከ ዛሬ አልመጡም። አክስቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ ኔትወርኩ ይኸው ሙሉ ነው። ታዲያ ብሩ የት ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኛ ልሁን የሚል ሰው ደግሞ «እኔ እንጃ» ብሎ መቀመጥ አይገባውምና ማንበብና መጠያየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

በመጀመሪያ፣ ስልካችን ጥግ ላይ የሚቆሙት ትንንሽ ዘንጎች የሚነግሩን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስልኩና በአንቴናው መካከል ያለው ሞገድ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ። ከአንቴናው ወዲያ ስላለው መንገድ ግን ምንም አይሉም። መልእክታችን አንቴናው ላይ ደርሶ አያበቃም፤ ከዚያ ወደ ዋናው ኔትወርክ መጓዝ አለበት። ይህን መንገድ ባለሙያዎቹ «ባክሆል» ይሉታል። እኛ «የጀርባ መስመር» ብንለው ያስኬዳል። ነገሩ እንደ ታክሲ ነው። ታክሲው ደጃችሁ ድረስ ቢመጣም ዋናው መንገድ ከተዘጋ የትም አትደርሱም።

የጀርባ መስመር ድሮም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው የስልክ መስመር በእንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነበር። ሞባይል አዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ሲገባም ሥራው በአብዛኛው ድምፅ ማድረስ ስለነበር ጭነቱ ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን ቴክኖሎጂ አንድ ጥሪ በሰከንድ 13 ኪሎ ቢት ገደማ ይበቃዋል። ዛሬ በስልክ የምናየው አንድ ቪዲዮ 2 ሜጋ ቢት ቢፈልግ፣ ብቻውን ከ150 በላይ ጥሪዎችን ቦታ ያዘ ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. 4ጂ አዲስ አበባ ገባ፣ በ2014 ዓ.ም. የ5ጂ ሙከራ ተጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም በከተማችን አገልግሎት ጀመረ። ጭነቱም አብሮ አደገ።

ታዲያ ሰው በሚበዛበት ሰፈር አንድ ትልቅ ማማ ብቻውን አይችለውም። መፍትሔው «ስሞል ሴል» የሚባለው ነው፤ ግንብ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ የሚሰቀል፣ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ሜትር የሚሸፍን ትንሽ አንቴና። ነገር ግን እያንዳንዱ ትንሽ አንቴና የራሱን የጀርባ መስመር ይፈልጋል። ለምሳሌ 100 ሰዎች በአንድ ጊዜ ባለ 2 ሜጋ ቢት ቪዲዮ ቢከፍቱ 200 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። የጀርባ መስመሩ 100 ብቻ ከሆነ ግማሹ ሰው ወረፋ ላይ ነው። ዘንጎቹ ግን ሙሉ ናቸው!

የጀርባ መስመር በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ፋይበር ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት። ብዙ ይሸከማል፣ ዝናብም አይነካውም። ችግሩ ቁፋሮው ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና አራት ኪሎ የኮሪደር ልማት ሲካሄድ ገመዶች ከመሬት በታች እንዲገቡ ተደርጓል። እንዲህ ተሠርቶ ያለቀን የእግረኛ መንገድ ለአንዲት ትንሽ አንቴና ብሎ እንደገና መቆፈር ማንም አይመኝም።

ሁለተኛው መንገድ በአየር ነው። ሁለት ዲሾች ጣሪያ ለጣሪያ ፊት ለፊት ተያይተው በማይክሮዌቭ ይነጋገራሉ። በጥቂት ቀናት ይተከላል፣ መንገድ አይቆፈርም። ግን መተያየት አለባቸው። የፒያሳን መሬት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ፣ ወይም ሰባ ደረጃን ስትወጡ ጉልበታችሁ የሚነግራችሁን ያህል ወጣ ገባ ነው። ጉድጓድ ያለ ሰፈር ዳገት ላይ ያለውን ዲሽ ላያይ ይችላል። መሐል ላይ አዲስ ፎቅ ከበቀለም መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ሞገዱን ጣሪያ ላይ ተቀብሎ ወደ ታች የሚያሻግር ሌላ ዲሽ ያስፈልጋል።

ብዙ ዳታ ለማሳለፍ ከፍተኛ ሞገድ ይመረጣል። ከ70 እስከ 80 ጊጋ ኸርዝ ባለው ክልል በሰከንድ እስከ 10 ጊጋ ቢት ማስተላለፍ ይቻላል። ነገር ግን የዚህ ሞገድ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዝናብ ጠብታ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለው መስመር ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ዝናብ ሲመጣ ወዲያው አይቋረጡም፤ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ዶፉን ለማለፍ ይሞክራሉ። ጨረሩም በጣም ቀጭን ስለሆነ ዲሹ የቆመበት ምሰሶ በነፋስ ቢወዛወዝ እንኳ ዒላማውን ሊስት ይችላል።

እንግዲህ ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። ያን ማታ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንቴናው ላይ የተጨናነቀው ሰው፣ በዝናቡ የተዳከመ የጀርባ መስመር፣ ወይም የክፍያው ሥርዓት ራሱ። ዘንጎቹ ለሦስቱም ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። ይህን ስነግራት ፈገግ አለችና «በል የዱቤ ደብተሬን አቀብለኝ» አለችኝ። አሁን ዝናብ ሲጀምር ቀድማ «ካሽ አላችሁ?» ትላለች።

አክስቴ ለአምስት ቡና አትከስርም ትሉ ይሆናል። ግን ቀኗ የሚሞላው በእነዚያ ሲኒዎች ነው። ስለዚህ ነገ ማይክ ይዘን ስንወጣ «ስንት አንቴና ተተከለ?» ብለን ብቻ አንመለስ። «ከጀርባው ያለው መንገድ ስንት ሰው ይችላል? ክረምት ሲገባስ?» ብለን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን!