የአልቫሬስ ስም አመጣጥና አጻጻፍ ለስም ምዝገባ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ጉለሌ መጠሪያውን ያገኘው ቀደም ሲል በአካባቢው ይኖር ከነበረው የጉለሌ ኦሮሞ ጎሳ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ ድምፁ የሚጠብቅ በመሆኑ የ«ኤል» ፊደል ይደገማል፤ በእንግሊዝኛ በተዘጋጁ ሰነዶች ላይ ግን አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤል» ተጽፎ ይገኛል። የአንድ የታወቀ ሥፍራ ስም እንዲህ የሚለያይ ከሆነ፣ በክፍለ ከተማው ወረዳዎች ለልደት፣ ለጋብቻና ለሞት ምዝገባ የሚቀርበው የሰው ስም የቱን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ማሳያ ከሚሆኑት ስሞች መካከል በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሰው የፖርቱጋላዊው ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስም አንዱ ነው። ቄሱ እ.ኤ.አ በ1520 በሮድሪጎ ደ ሊማ ከተመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት የገባ ሲሆን፣ እስከ 1526 ቆይቶ ያየውንና የሰማውን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል።

አልቫሬስ ማለት «የአልቫሮ ልጅ» ማለት ነው። አልቫሮ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች የመጣ ጥንታዊ የወንድ ስም ሲሆን፣ መድረሻው ላይ ያለው ቅጥያ ልጅነትን ያመለክታል። ፈርናንዴስ የፈርናንዶ፣ ሮድሪጌስ የሮድሪጎ ልጅ መሆንን የሚገልጹትም በዚሁ ሥርዓት ነው። በመካከለኛው ዘመን ይህ ስም በየትውልዱ ይለዋወጥ ነበር። ፈርናንዶ የተባለ ሰው አልቫሮን ቢወልድ ልጁ አልቫሮ ፈርናንዴስ፣ የልጅ ልጁ ደግሞ ፔድሮ አልቫሬስ ተብሎ ይጠራል። ይህም ከኢትዮጵያውያን የስም አጠራር ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ከጊዜ በኋላ ግን ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ በመሆኑ፣ አባቱ አልቫሮ ያልተባለ ሰውም አልቫሬስ ሊባል ችሏል።

የአጻጻፉ ልዩነት የመጣው ከዚሁ ቅጥያ ነው። ፖርቱጋሎች ስሙን በ«ኤስ» ሲጨርሱ ስፔኖች በ«ዜድ» ይጨርሱታል። መቀመጫውን ብሪታንያ ያደረገው የሃክሉት ማኅበር የዚህኑ ቄስ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲያሳትም እ.ኤ.አ በ1881 በ«ዜድ»፣ በ1961 ደግሞ በ«ኤስ» ጽፎታል። በአማርኛም አልቫሬስና አልቫሬዝ የሚሉት ሁለቱም ያገለግላሉ። በመሆኑም በአንዱ አጻጻፍ ብቻ መዝገብ የሚያገላብጥ አንባቢ ሌላውን ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ይሁን እንጂ የቤተ ዘመድ ስም በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሳይሰድ በመቅረቱ፣ ሰው እስከ አሁን የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። አንድን ባለጉዳይ ከአባቱና ከወንድሞቹ መዝገብ ጋር የሚያገናኘው ቋሚ የቤተሰብ ስም ባለመኖሩ፣ የአባት ስም አጻጻፍ አንድ ወጥ መሆን ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

በአማርኛ ችግሩን የሚያባብሰው ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያይ ፊደላት መኖራቸው ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ፣ እንዲሁም ፀሐይና ጸሐይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በፊደል ተራ በተደረደረ መዝገብ ቤትና በኮምፒዩተር ፍለጋ ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። በላቲን ፊደል ወደ ፓስፖርትና ወደ ትምህርት ማስረጃ ሲገለበጡ ደግሞ ልዩነቱ ይበረክታል። ውጤቱም የውርስ፣ የጡረታ ወይም የጉዞ ጉዳይ ያለው ሰው «ሁለቱም ስም የእኔ ነው» ብሎ ለማስረዳት መገደዱ ነው።

የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እንዲሁም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለማንነት ምዝገባ ሕጋዊ መሠረት ጥለዋል። ይሁንና የጣት አሻራ ሰውን ከሰው ይለያል እንጂ ቀደም ሲል በወረቀት የተያዘን የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ በራሱ አያገናኝም። ስለሆነም መዝጋቢው ስሙን በጆሮ ሰምቶ ከመጻፍ ይልቅ ከቀድሞ ሰነድ ጋር ማመሳከር፣ ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት እንዲያነበው ማድረግ፣ ልዩነት ሲገኝም ሁለቱንም አጻጻፎች በመዝገቡ ማስታወሻ ላይ ማስፈር ይገባዋል። በምዝገባ ዕለት የሚወሰድ የጥቂት ደቂቃ ጥንቃቄ ዜጋውን በኋላ ከብዙ ወራት ምልልስ ያድነዋል።