ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ፦ የቤት ጥንቸል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን

እሑድ ማታ ነበር። ልጄ የሰላጣ ቅጠል ይዛ ወደ ጥንቸሏ ጎጆ ጎንበስ አለች። ወትሮ ቅጠሉን ከሩቅ ስታይ እየዘለለች የምትመጣው ጥንቸል ያን ዕለት ከጥግ ኩርምት ብላ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ አልንቀሳቀስ አለች። «እማዬ፣ እንቅልፏ መጥቶ ነው» አለችኝ። እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ድርቆሹ ጠዋት እንዳስቀመጥኩት አለ፤ የተነጠፈው ጋዜጣ ላይም አንዲት በጠጥ የለችም። ጆሮዋን ስነካው ቀዝቅዟል።

ቤታችን መድኃኒት አይጠፋም። መሳቢያውን ስከፍት ለራስ ምታቱም ለጨጓራውም የሚሆነው ተደርድሯል፤ ከመሀሉ ካለፈው ሕመማችን የተረፈ የአሞክሳሲሊን ካፕሱል አገኘሁ። ለሰው ልጅ የሚሰጥ ለጥንቸል ምን ይላታል ብዬ፣ አንዱን ከፍቼ በውሃ በጠበጥኩት። ከመስጠቴ በፊት ግን ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ለተማረ ዘመዴ ደወልኩ። ነገሬን እንኳ ሳልጨርስ «እንዳትሰጫት! አሁኑኑ ድፊው!» አለኝ። ሕመሟ ሳይገድላት መድኃኒቱ ሊገድላት ይችል ነበር።

ከዚያች ማታ ወዲህ ለጥንቸሏ የራሷን ሣጥን አዘጋጀሁ። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባውንም የማይገባውንም የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ አንጀቷ።

የጥንቸል ዋና ምግብ ሣር ነው። እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ ግን የላትም። ሣሩ የሚብላላው ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ባለ፣ ዕውር አንጀት በሚባል ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩት ለቁጥር የሚያታክቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ቃጫውን እያብላሉ ምግብና ቪታሚን ያደርጉላታል። ከዚህ ከረጢት የሚወጣው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘው ለስላሳ ኩስ መሬት አይነካም። ጥንቸሏ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ጎንበስ ብላ ከመውጫው ላይ ተቀብላ ትውጠዋለች፤ ያው ምግብ ሁለተኛ ዙር ያልፋል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ይቆጥራትና ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ርኩስ ናት ይላል፤ ብዙዎቻችን ሥጋዋን የማንቀምሰውም ከዚህ የተነሣ ነው። ላሟ ከጨጓራዋ መልሳ ታመሰኳለች፣ ጥንቸሏ ዞራ ትቀበላለች፤ ሁለቱም ሣሩን ሁለት ጊዜ ይመገቡታል።

አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሊንዳማይሲን በአፍ ሲሰጡ የሚያጠፉት እነዚህን ባለውለታ ተሕዋስያን ነው። ቦታው ሲለቀቅላቸው ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ መርዛቸውን ይለቃሉ፤ ተቅማጥ ይከተልና ጥንቸሏ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለጥንቸል የሚስማሙ አንቲባዮቲኮች አሉ። ፔኒሲሊንን እንኳ ሐኪም በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ቤት ውስጥ በግምት የሚሰጥ ግን የለም። ለውሻና ለድመት ቁንጫ ማጅራት ላይ የሚንጠባጠበው ፊፕሮኒል፣ በገበያ ፍሮንትላይን የሚባለው፣ ለጥንቸል መርዝ ነው። እንደ ሃይድሮኮርቲሶንና ቤታሜታሶን ያሉ፣ ለሚያሳክክ ቆዳ የምንቀባቸው ቅባቶችም ከጥንቸል ይራቁ፤ ስትልሳቸው ሆዷ ይገባሉ፣ በቆዳዋም ዘልቀው የመከላከል አቅሟን ያዳክማሉ።

አንጀቷ ከቆመ ሌላ ጣጣ አለ። ሕመም፣ ድንጋጤ፣ የድርቆሽ ማነስ፣ የጥርስ ቁስል፣ ብቻ አንዱ ይበቃል፤ አንጀቷ ይዘገያል። ሲዘገይ ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙ ያማታል፤ ስላመማት አትበላም፤ ስላልበላች አንጀቷ ይብስ ይዘገያል። እንደ ውሻ አስመልሳ እንዳይቀላት ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። 12 ሰዓት ሙሉ ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል አስቸኳይ ሕመምተኛ ናት፤ እስኪነጋ ወይም ሰኞ እስኪደርስ የምትታይ አይደለችም። ታዳኝ እንስሳ ስለሆነች ደግሞ ሕመሟን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ የደከመችውን ቀድሞ የሚያያት ጠላቷ ነው፤ ይህ ጠባይ ሳሎን ውስጥም አይተዋትም።

ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ከሁሉ በፊት የወጥ ቤት ሚዛን ይግባ። የጥንቸል ፀጉር ወፍራም በመሆኑ ክሳቷ ለዓይን አይታይም፤ ግራሙ ግን አይዋሽም። በሳምንት አንድ ቀን ሳህን ላይ አስቀምጠው ይመዝኗትና በደብተር ይጻፉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ክብደቷ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ ውስጧ አንድ ነገር አለ።

ቀጥሎ ዲጂታል ቴርሞሜትርና ቫዝሊን። የጤነኛ ጥንቸል ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ለሰው ትኩሳት የሚባለው ለእሷ ጤና ነው። አለካኩን መጀመሪያ ከሐኪም እጅ ይዩት፤ የፊንጢጣዋ ግድግዳ ስስ ነውና። እኔ ወለል ላይ ቁጭ እላለሁ። ጥንቸሏን በፎጣ ጠቅልዬ ጀርባዋን ከሆዴ አስጠጋለሁ፤ ጭንቅላቷ ክንዴ ሥር ይገባል። ጫፉን ቫዝሊን ቀብቼ፣ ሳልገፋ፣ የጣት ጥፍር ያህል ብቻ አስገባና እስኪጮህ እጠብቃለሁ። ከተፈራገጠች ወዲያው እተወዋለሁ። ከ38 በታች ካሳየ አደጋ ነው፤ ጥንቸሏ ቀዝቅዛለች። የቀዘቀዘ አንጀት አይሠራምና ምግብ ከመስጠት በፊት ማሞቅ ይቀድማል። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከየቤቱ አይጠፋም፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ጎኗ ይቀመጥ፣ ስትፈልግ እንድትሸሸውም ቦታ ይተውላት።

ሙቀቱ ከ40 በላይ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጥንቸል አታልብም፣ እንደ ውሻም አለክልካ ብዙ ሙቀት አታስወጣም፤ የምትበርደው በጆሮዋ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ለሚኖሩ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣው ከቆመ የክፍሉ ሙቀት ፈጥኖ ይወጣልና። ጆሮዋን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ያብሱላትና ወደ ሐኪም ይሩጡ። በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር በድንጋጤ ሊገድላት ይችላል።

ስሪንጅ ያለ መርፌ፣ ባለ 1 እና ባለ 10 ሚሊ ሊትር፣ ይኑር። ውጭ አገር ክሪቲካል ኬር የሚባል፣ ከሣር የተሠራ የሕመምተኛ ዱቄት ይሸጣል፤ እሱ በማይገኝበት የዘወትር እንክብል መኖዋን በለብ ውሃ ዘፍዝፎ ማላም ነው። ከፊት ጥርሶቿ ኋላ ባለው ክፍተት በጎን በኩል፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሊትር፣ እስክትውጥ እየጠበቁ ይስጧት። በጀርባዋ አጋድሞ መስጠት ሳምባዋ እንዲገባ ማድረግ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ሆዷን በእጅዎ ይዳስሱ፤ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከጠጠረ መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና በአፏ ምንም አይስጧት፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ለሕፃናት ጋዝ የሚሰጠው ሲሜቲኮን ጠብታ በሣጥኑ ቢኖር አይጎዳም፤ አንጀቱን መልሶ ያስነሣል ብሎ መመካት ግን አይገባም። የሕመም ማስታገሻ በጣም ያስፈልጋታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሜሎክሲካም ነው፤ መጠኑን በክብደቷ አስልቶ የሚያዝልዎ ሐኪሙ ይሁን።

የቀረው የማንም ቤት ዕቃ ነው፤ ኖርማል ሳላይን፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ወረንጦ፣ መቀስ። ቁስል በሳላይን ይታጠባል፤ ቤታዲን ካለም እንደ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ይቅጠን። ጥፍር ሲቆረጥ ደም ሥሩ ከተነካ ንጹሕ ዱቄት ነስንሶ በጎዝ ጫን አድርጎ መያዝ ይበቃል። የቤት ዕርዳታ የማይበቃው ለዝንብ ነው። መቀመጫዋ በሽንት ወይም በተቅማጥ ከረጠበ ዝንብ ዕንቁላሏን ትጥልበታለች፤ በሰዓታት ውስጥ ይፈለፈልና ትሉ ሥጋዋን ይበላል። የሚታየውን በወረንጦ እያነሡም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሂዱ። በሞቃት ወቅት በቀን ሁለቴ ጅራቷ ሥር ማየት ነው።

መሸከሚያዋም ከሣጥኑ ይቆጠር። የጥንቸል አጥንት ስስ፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ብርቱ ነው፤ ተንጠልጥላ ስትራገጥ የገዛ ወገቧን ትሰብራለች። በጆሮ ማንሣት የሚባል ነገር ጨርሶ ይቅር። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንዱ ከመቀመጫዋ፣ ከዚያ በቀጥታ ድርቆሽ ወደተነጠፈበት መያዣ።

አሜሪካና አውሮፓ ለሚኖሩ አንድ ወረቀት ይጨመር፤ የክትባት ካርድ። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፈረንሳይ ውስጥ የታየው አዲሱ የጥንቸል ደም አፍሳሽ ቫይረስ በ2020 በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ተዛምቷል። በሽታው ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ስለሚገድል የመጀመሪያ ዕርዳታ አይደርስበትም፤ ያለው መፍትሔ መከተብ ነው።

የኛዋ ጥንቸል ያን ሌሊት በሞቀ ጠርሙስ ታቅፋ አደረች። ንጋት ላይ ዘመዴ ዘንድ አደረስናት፤ በቆዳዋ ሥር ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ጋዜጣውን ይዛ እየሮጠች መጣች። ከሰናፍጭ ቅንጣት ጥቂት የሚበልጡ፣ ቅርጻቸው የተጣመመ ሦስት በጠጦች ነበሩበት። እንዲያ ያለ ደስታ ከጋዜጣ አግኝቼ አላውቅም።

አሁን በሣጥኑ ክዳን ላይ የተለጠፈው የሐኪም ስልክ ነው። የእንስሳት ሐኪሞቻችን ውሏቸው ከከብትና ከውሻ ጋር ስለሆነ፣ ጥንቸል አክሞ የሚያውቀውን ሳትታመም ፈልገው ያግኙ። አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ከቀዶ ሕክምና በፊት ጥንቸል ምግብ ትከለከላለች?» ውሻና ድመት የሚከለከሉት ሲያስመልሱ ሳምባቸው እንዳይገባ ነው። ጥንቸል አታስመልስም፤ ሆዷ ባዶ ሆኖ መዋል ደግሞ አንጀቷን ያቆመዋል። «አዎ፣ ከማታ ጀምሮ» ካለዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።