ለአንድ ሞተር ስንት ዓይነት ጥቁር አለ?

ዛሬ ማይክሮፎኑ ጋ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ስለ ኦፍኖዓዬ፣ ማለት ስለ ሞተር ሳይክሌ፣ ትንሽ ካወራሁ በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግማችሁ ላካችሁልኝ፦ «ሞተሩን ጥቁር ላደርገው ነው፤ የቱን ጥቁር ልምረጥ?» እውነት ለመናገር እኔም መልሱ ይህን ያህል ረጅም አይመስለኝም ነበር። ገንዘቤን ከከሰርኩ በኋላ ነው የገባኝ።

የኔዋ አሮጌ ሱዙኪ ጂኤን 250 ናት፤ አንድ ሲሊንደር ያላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ። የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግሁት ቀላል ነበር። ከሱቅ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ስፕሬይ ገዛሁ፣ ሞተሩን በጨርቅ ጠረግሁት፣ በረንዳ ላይ ነፋሁበት። ለሦስት ሳምንት ታምራለች። ከዚያ ከባት ጋሊም ወደ ካርሜል ሽቅብ ስወጣ አንድ መጥፎ ሽታ መጣ። ወርጄ ሳይ ማርሚታው ከሞተሩ የሚገናኝበት አካባቢ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል።

አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ በጎንደር በኩል ብረት ሠሪ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ስለ ሥራቸው ብዙ አያወሩም። በአገር ቤት «ቀጥቃጭ» ማለት ስድብ ነበር፤ «ቡዳ» ከሚለው ጋር አብሮ ይመጣል። ያን ቀን ግን የተላጠውን ሞተር ጎንበስ ብለው አዩና፣

«መጀመሪያ ምን አደረግሽው?» አሉኝ።

«ቀባሁት።»

«ከመቅባትሽ በፊት ማለቴ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እንግዲህ የዛሬው ክፍል የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሙቀት። «ጥቁር ሞተር ይግላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የተወለወለ አሉሚኒየም ሙቀትን በጨረር በመልቀቅ በጣም ደካማ ነው፤ ፍጹም ከሆነ አካል ጋር ሲነጻጸር 5 በመቶ ያህል ብቻ ይለቅቃል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ግን ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። የሚገርመው ነጭ ቀለምም ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚወጣው ዓይናችን በማያየው ጨረር ነው። ስትነዱ ደግሞ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ነፋሱ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ ጥቁረት ይልቅ ውፍረቱን ፍሩ። ወፍራም ቀለም ለሞተር እንደ ጋቢ ነው።

በ1948 በእንግሊዝ አገር የወጣው ቪንሰንት ብላክ ሻዶው ሞተሩ በምድጃ በተጋገረ ጥቁር ቀለም የተሸፈነ ነበር። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ነበር፤ ጥቁረቱ አላቆመውም።

አሁን ወደ ምርጫው። ሞተርን እንደ አንድ ዕቃ አትዩት። ክፍሉ ሲለያይ ጥቁሩም ይለያያል።

የታችኛው ክፍል፣ ማለት ክራንክኬዙና የጎን ክዳኖቹ፣ በአብዛኛው ከዘይቱ ሙቀት ብዙ አይርቁም፤ 100 ዲግሪ አካባቢ በሉት። እዚህ ፓውደር ኮቲንግ ጥሩ ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ይጣበቃል፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ይጋገራል። ጠጠር ቢመታው ይችላል፣ ቤንዚን ቢንጠባጠብበትም አይሟሟም። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ኩሽኔታውና ዘይት የሚይዙት ጎማዎች ካልወጡ ምድጃው ያበላሻቸዋል። ሁለተኛ፣ አሮጌ ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም በውስጡ ዘይት ጠጥቷል። ሲግል ያ ዘይት ይወጣና ቀለሙ ላይ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት ባዶውን አንዴ እንዲጋግሩት ጠይቁ።

ሲሊንደሩና ቴስታታው ሌላ ዓለም ናቸው። በተጨናነቀ መንገድ ላይ በአየር የሚቀዘቅዝ ቴስታታ 200 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። እዚህ የሚያስፈልገው ስስና ሙቀት የሚችል ሽፋን ነው፤ ለሞተር ተብሎ የተሠራ ኢናሜል ወይም ስስ ሴራሚክ። ሴራሚኩ ውድ ነው፣ ግን ውፍረቱ 25 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ፓውደር ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ይሆናል። ለማርሚታው ከሆነ ብዙ መቶ ዲግሪ የሚችል፣ ለእሱ ብቻ የተሠራውን ፈልጉ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትግዙ። እኔ አላነበብሁም።

«አኖዳይዚንግስ?» ላላችሁኝ፦ ለትንንሽ፣ ከድፍን አሉሚኒየም ለተቆረጡ ክዳኖች በጣም ያምራል። የሞተር አካል ግን ሲሊኮን የበዛበት ቅልጥ ስለሆነ ግራጫና ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ቀለም የገባበት አኖዳይዝ ደግሞ ፀሐይ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የኛን ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ሃይፋ ውስጥ ሌላ ጠላት አለ፤ ጨው። ከባሕሩ የሚመጣው አየር ባዶ የቀረ አሉሚኒየም ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ስለዚህ የክንፎቹን ጫፍ አሽቶ ብርማ መተው ያምራል፣ ግን ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የዘወትር ሥራ ነው። የጠቆሩ የብረት ቡሎኖችም ዘይት ካላገኙ ቶሎ ይዝጋሉ። የማይዝጉትን ብትመርጡ ጥርሱ ላይ ለዚሁ የሚሆን ቅባት አድርጉ፣ ካለዚያ ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ።

አሁን የአባባ ጥያቄ፦ ከመቅባት በፊት። ቅባቱን በሚገባ እጠቡ። አሸዋ የሚያስነፉ ከሆነ የዘይት መንገዶቹን ሁሉ ዝጉ፣ ከዚያም ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ውስጥ የቀረች አሸዋ ከዘይቱ ጋር ዞራ ሞተሩን ትበላዋለች። ጓርኒሲዮን የሚያርፍባቸውን ፊቶችና የቡሎን ቀዳዳዎችን ሸፍኑ። የሞተር ቁጥሩ የሚነበብ ሆኖ ይቅር። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ወዝም ዘይት ነው።

ከቀባችሁ በኋላም አልጨረሳችሁም። ኢናሜሉ የሚጠነክረው በሙቀት ነው። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም አድርጉት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «አዲስ ምጣድ ማሟሸት አይደል እንዴ!» አለች። አዎ፣ እሱው ነው። ምጣዱን ሳያሟሹ እንጀራ የጋገረ ሰው የሚያገኘውን እኔ በረንዳዬ ላይ አገኘሁት።

በሁለተኛው ዙር የታችኛውን ክፍል ፓውደር፣ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን ኢናሜል አደረግሁ። ማጠቡና ማሸጉ አራት ቀን፣ መቀባቱ አንድ ከሰዓት ወሰደ። አባባ አጠገቤ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ያልጠራ ቦታ ሲያዩ በከዘራቸው ይጠቁሙኛል። በሦስተኛው ቀን ሳልጠይቃቸው ስለ ወናፉ፣ ስለ መስፉ፣ ብረቱ መቅላቱን በዓይን እንዴት እንደሚለዩ ያወሩኝ ጀመር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልሰማሁትን። ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ አባባ በጥፍራቸው ክንፉን ጫር አደረጉት። አልተላጠም። «እ፣ አሁን ያዘ» አሉ፣ ተነሥተው ገቡ።

እናንተ ቤትም ብረት የሠራ አያት ካለ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ወንበር አውጡላቸው። እስከሚቀጥለው ክፍል፣ ሰላም ሁኑ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ።